ካርሰን ቀልዱ ሲከሽፍ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ አሜሪካዊው ኮሜዲያን ስለ ጆኒ ካርሰን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ብቻ ቁጥር በዛበት። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1992 የምሽቱን የቴሌቪዥን ትርኢት «ቱናይት ሾው»ን መምራቱ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ቀልዱ ሳይሰምርለት ሲቀር የሚያደርገው ነው። ተመልካቹ ጭጭ ይላል። እሱ አይደነግጥም። ክራቫቱን ነካ ያደርግና ካሜራውን ትክ ብሎ ያያል። ይሄኔ አዳራሹ በሳቅ ይፈነዳል። ከከሸፈ ቀልድ ሳቅ ማውጣት ቀላል እንዳይመስላችሁ!

ከእንግዳው ጋርም አይሻማም። አንድ ጀማሪ ኮሜዲያን ሥራውን ጨርሶ ካርሰን በእጁ ወደ ሶፋው ከጠራው፣ በቃ፣ ሰውየው አለፈለት ማለት ነው።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ከቴሌቪዥን ራቀ። ቀልድ መጻፉን ግን አልተወም፤ ለሌላው የምሽት ትርኢት አቅራቢ ለዴቪድ ሌተርማን በድብቅ ይልክለት ነበር። (ይህን አለመጥቀሳችሁ ትንሽ አናዶኛል።) ካርሰን እ.ኤ.አ. ጥር 2005 ሲያርፍ፣ ሌተርማን አንድ ምሽት የትርኢቱን መክፈቻ በሙሉ በእነዚያ ቀልዶች ሞላው። ተመልካቹ የማን እንደሆኑ ሳያውቅ ሳቀ። ሌተርማን የነገራቸው በኋላ ነው።

የዘወትር አንባቢያችሁ