ይድረስ ለእማዬ፣ ከአታሚ ፍል ውኃ

ይድረስ ለምወድሽ ለእማዬ፤

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እህቴ ይህን ስታነብልሽ ቀስ ብላ ታንብብልሽ፤ ዛሬ ረዘም ይላል።

ባለፈው ስንደዋወል «ለጥምቀት የት ዋልሽ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ መስመሩ ተቋረጠ። በዚያ ሳምንት የሁለት ቀን ዕረፍት አግኝቼ ፍል ውኃ ሄጄ ነበር። አዎ፣ ጃፓንም ፍል ውኃ አለ። እንዲያውም አገሩ የሞላ ነው። «ኦንሰን» ይሉታል።

አብራኝ ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት ትልቅ ሴት አለች። በዕድሜ ከአንቺ ብዙም አታንስም። ምሳ በበላን ቁጥር «እጅሽ እንዲህ ተሰነጣጥቆ እንዴት ዝም ትያለሽ?» ትለኛለች። የወሰደችኝ እሷ ናት። ከተማዋ አታሚ ትባላለች። ማተሚያ ቤት ያለው አታሚ እንዳይመስልሽ፤ በእነሱ ቋንቋ «ትኩስ ባሕር» ማለት ነው። ከቶኪዮ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ፈጣኑ ባቡር ሃምሳ ደቂቃ ቢወስድ ነው። እኛ ርካሹን ይዘን ሁለት ሰዓት ገደማ ተጓዝን። ግን አልቆጨኝም፤ መጨረሻው ላይ ሐዲዱ ባሕሩን ተከትሎ ነው የሚሄደው። አንቺ ባሕር አይተሽ አታውቂም። ጣናን አስቢና ማዶውን አጥፊው። እሱ ነው።

ድሮ ፍል ውኃው የሚፈላው ባሕሩ ውስጥ ነበር ይላሉ። ዓሣው እየተቀቀለ ሲያልቅባቸው አንድ መነኩሴ ጸልዮ ምንጩን ወደ የብስ አዛወረው ብለው ያወራሉ። የኛን የአባቶች ገድል የምሰማ ነው የመሰለኝ። በፈረንጅ 1604 ደግሞ ቶኩጋዋ ኢኤያሱ የሚባል የአገሩ ገዢ መጥቶ ሰባት ቀን ታጥቦባታል። ከዚያ ወዲህ ውኃው በእንጨት በርሜል እየተሞላ ለገዢዎቹ እስከ ዛሬዋ ቶኪዮ ድረስ ይጋዝ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውኃ ሲታጠቡ አዲስ አበባ እንደተቆረቆረች የነገርሽኝ አንቺ አይደለሽ? እዚያ ቆሜ እሱን ለጓደኛዬ ተረኩላት።

ያደርንበት ቤት «ሪዮካን» ይባላል። የጥንት የእንግዳ ማረፊያ ነው። ጫማ እንደ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይወልቃል። ባለቤቲቱ ተንበርክካ ተቀበለችን። መጀመሪያ ያሳየችን ምን መሰለሽ? ምድር ብትንቀጠቀጥና ባሕሩ ቢነሣ ወደ ተራራው የምንሸሽበትን መንገድ። ከዚያ በኋላ ነው ሻይ የቀረበልን። ክፍላችን ውስጥ አልጋ የለም። ወለሉ «ታታሚ» ነው፤ ከሣር የተሠራ ወፍራም ምንጣፍ። ለበዓል የጎዘጎዝነው ቄጠማ በማግስቱ ጠውልጎ የሚሸተውን ታውቂዋለሽ አይደል? ክፍሉ በሙሉ እሱን እሱን ይላል። ቁጭ ብዬ ዝም ብዬ ሳሸት ጓደኛዬ «አመመሽ እንዴ?» አለችኝ።

እንግዳ ሁሉ «ዩካታ» የሚባል ስስ የጥጥ ልብስ ይለብሳል። ፊት ለፊት ተደራርቦ በመቀነት ይታሰራል። እኔ የቀኙን ከላይ አድርጌ ለበስኩት። ጓደኛዬ ዞር ስትል አየችኝና ደነገጠች። ሮጣ መጥታ ራሷ ፈታችው። ሁልጊዜ የግራው ነው ከላይ የሚሆነው። የቀኙ ከላይ የሚሆነው ለሬሳ ነው። ወዲያው ነጠላችን ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ ጥለቱን እንደ ሐዘንተኛ ወደ አንገቴ አዙሬ ስጫወት «ምን ልታመጪብን ነው!» ብለሽ የነጠቅሽኝን ታስታውሻለሽ? የሴትዮዋ ፊት ልክ ያንን ፊትሽን ነበር የሚመስለው።

አሁን ደግሞ ለማውራት የሚከብደኝን ልንገርሽ። መታጠቢያው የጋራ ነው። ሴቱ ለብቻ፣ ወንዱ ለብቻ ነው፤ ግን ሁሉም ራቁቱን ነው። ፎጣዬን ደረቴ ላይ ይዤ ልብስ ማውለቂያው ውስጥ ብዙ ቆምኩ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ወደ ገንዳው ከመግባትሽ በፊት ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ በሳሙና ጥርት አድርገሽ ትታጠቢያለሽ። ገንዳው ለመንከር ነው እንጂ እድፍ አይገባበትም። ትንሿ ፎጣ እንኳን ውኃውን አትነካም፤ አናትሽ ላይ ታስቀምጫታለሽ።

ውኃው ያቃጥላል። መጀመሪያ እግሬን ከትቼ አወጣሁት። ከንፈሬን ስልሰው ጨው ጨው አለኝ። ጨዉ ቆዳ ላይ ስለሚቀር ሙቀቱ ቶሎ አይወጣም ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ በጥር ብርድ ከወጣሁ በኋላ ሰዓት ሙሉ እግሬ እንደ ምድጃ ነበር። ጠበል ነው አላልኩሽም። ጠበልሽን እንዳትተዪ። ግን ጀርባዬ ላይ ከፋብሪካው የያዘኝ ነገር ሌሊቱን ለቀቀኝ።

እማዬ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ ለአንድ ነገር ነው። አጠገቤ በርጩማው ላይ ዘጠና ዓመት የሚሆናቸው አሮጊት ተቀምጠው ነበር። ከኋላቸው ልጃቸው፣ እሷም ጸጉሯ የሸበተ፣ ጀርባቸውን ታሻቸዋለች። ቀስ ብላ፣ ከትከሻ ወደ ታች፣ አጥንቱን እየዘለለች። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ስትጨርስ ውኃውን በእጇ ለክታ ነው ያፈሰሰችላቸው። አንቺ ፍል ውኃ ስትወስጂኝ ወረፋ ጠብቀን ስንገባ እንዲሁ ነበር የምታደርጊኝ፤ መጀመሪያ በክንድሽ ለክተሽ። እኔ ግን አንድም ቀን ጀርባሽን አሽቼልሽ አላውቅም። ፊቴን በፎጣ ሸፈንኩ።

በኋላ ገንዳው ውስጥ አሮጊቷ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። «ኢትዮጵያ» ስል ፊታቸው በራ። «አበበ!» አሉኝ። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶን ሲያሸንፍ አይተውታል። ከገባ በኋላ እንደሌላው ሳይወድቅ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ያዩት እስከ ዛሬ ይገርማቸዋል። እናቴ አለች ወይ አሉኝ። አለች አልኳቸው። «ታዲያ አምጫት» አሉኝ።

ያኔ ነው መግቢያው ላይ ያየሁት ማስታወቂያ ትዝ ያለኝ። ንቅሳት ያለው ሰው መግባት አይችልም ይላል። እዚህ አገር ንቅሳት ከወሮበሎች ቡድን ጋር ስለሚያያዝ ብዙ ቦታ ይከለክላሉ። የአንቺ አንገት ላይ ያለው፣ ግንባርሽ ላይ ያለው መስቀል፣ አያቴ በልጅነትሽ ያስነቀሰችሽ፣ እዚህ በር ላይ ሊያስመልስሽ ነው ብዬ ሳስብ ተናደድኩ። ራቱን በደንብ አልበላሁም። (ጾም አልነበረም፣ ሐሙስ ነው። ጥሬ ዓሣ ነበር። ቁርጥ ለለመደ ሰው አያስደነግጥም።)

ማታ ስልኬን ይዤ ወደ ባለቤቲቱ ሄድኩ። ፎቶሽን አሳየኋት፤ ያቺን ለፋሲካ በሐበሻ ቀሚስ የተነሣሽውን። ብዙ አየችው። በጣቷ አንገትሽ ጋ አጉልታ አየችው። «መስቀል ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት። ትልቁን ገንዳ እንደማትፈቅድ አልደበቀችኝም፤ ይቅርታ ጠይቃ ነገረችኝ። ግን ቤተሰብ በሰዓት የሚከራየው ለብቻው የተዘጋ መታጠቢያ አላት። ባሕሩ ከዚያም ይታያል። ወስዳ አሳየችኝ። ለጉልበትሽ መያዣ ብረት አለው። መሬት ላይ መቀመጥ ለማይችል ሰው ክፍል ውስጥ ወንበር እንደሚያስገቡም ነገረችኝ።

ጎህ ሲቀድ ብቻዬን ወረድኩ። ማታ የሴት የነበረው ጠዋት የወንድ ይሆናል፤ መጋረጃውን አይተሽ ነው የምትገቢው። የዛን ዕለት ለሴት የደረሰው ጣሪያ የሌለው ነው። ፀሐይዋ ከባሕሩ ወጣች። ሃትሱሺማ የምትባል ትንሽ ደሴት ጥቁር ሆና ታየችኝ። ግራ ጎኔ ያለውን ባዶ ቦታ ደጋግሜ አየሁት። ያንቺ ነው።

ወጪው ስንት ነው እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ለአንድ ሌሊት የሁለት ቀን ደሞዜ ነው። አትቆጪኝ። ለሁለታችን ሌላ ማጠራቀም ጀምሬያለሁ፤ የአውሮፕላኑም እየሞላ ነው። ከቀጣዩ ጥር በፊት ይደርሳል። በጥር እዚያ የቼሪ ዛፎች ያብባሉ፤ ከሌላው ከተማ ቀድመው።

እህቴ በዚህ ሳምንት ይዛሽ ሄዳ ፓስፖርት ታስወጣልሽ። የመጓጓዣውን በጓደኛዬ እጅ ልኬያለሁ። ፎቶ ስትነሺ ነጠላሽን ከአንገትሽ ዝቅ አድርጊው። ንቅሳትሽ ይታይ።

ናፋቂ ልጅሽ
ከቶኪዮ፣ ካትሱሺካ