ሙን ክሊፕም እንደ ጥይቱ ይፈተሽ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ሪቮልቨር ሽጉጥ (ጥይቱን በሚዞር ከበሮ ውስጥ ስለሚጎርሰው) ባወጣችሁት ጽሑፍ ሙን ክሊፕ፣ ማለትም ጥይቶችን ከቂጣቸው አያይዞ በአንድነት ወደ ከበሮው የሚያስገባው ስስ ብረት፣ ጥይት ቶሎ ለማጉረስ ብቻ የሚያገለግል ትርፍ ዕቃ ተደርጎ መቅረቡ እርማት የሚያሻው ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ክሊፑን የወለደው ችግር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ኤም 1911 ሽጉጥ ስላጠረው፣ ኮልትና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባሉት የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች የዚያኑ ሽጉጥ ባለ 45 ካሊበር ጥይት የሚተኩሱ ሞዴል 1917 ሪቮልቨሮችን ሠሩ። ይህ ጥይት ግን ከቂጡ ወጣ ያለ ከንፈር ስለሌለው የሽጉጡ ማውጫ የተተኮሰውን ቀለህ ገፍቶ የሚያስወጣበት መያዣ አላገኘም፤ መፍትሔ የሆነውም ሦስት ሦስት ጥይት የሚይዝ፣ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተቆረጠ ስስ ብረት ነበር። ስድስቱን በአንዴ የሚይዘው ሙሉ ክብ ኋላ የመጣ ነው።

ስለዚህ ክሊፑ ሲጣመም የሽጉጡም አሠራር ይበላሻል። የጥይቶቹ ቂጥ ከከበሮው ጀርባ ካለው ብረት ጋር ይፋተጋል፣ ምላጩ ይከብዳል፣ አንዳንዴም ከበሮው ጭራሽ አልዞር ይላል። ባዶውን ክሊፕ መስታወት ላይ አጋድሞ ጠርዙን በጣት ጫን ጫን ማድረግ በቂ ፍተሻ ነው፤ ከተወዛወዘ ወይም ከሥሩ ብርሃን ካሳየ ይጣል። አቃንተው የሚጠቀሙ አሉ፤ እኔ ግን አልመክርም።

ጥይቱ ከተሰካ በኋላ ደግሞ አፈሙዙን ወደማያሰጋ አቅጣጫ አድርጎ፣ ጣትን ከምላጩ አርቆ ክሊፑን ወደ ከበሮው መልቀቅ ነው፤ ሳይገፉት በራሱ ክብደት ገብቶ መቀመጥ አለበት። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱን ካፕሱል (በቀለሁ ቂጥ መሃል ያለውን ማቀጣጠያ) በአውራ ጣት መዳሰስ ያስፈልጋል፤ ከቀለሁ ቂጥ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ገባ ያለ መሆን ሲገባው ጎላ ብሎ ከተሰማ ያ ጥይት ይወገዳል። ክሊፑ የሚይዝበት፣ በቀለሁ ዙሪያ ያለው ጎድጓዳ ቀለበት ስፋቱ ከፋብሪካ ፋብሪካ አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ አንዱን ጥይት አጥብቆ የያዘ ክሊፕ ሌላውን ሊያላላው ይችላል፤ ጥቂት መላላት ግን ጥይቱ ቀዳዳውን እንዲያገኝ ስለሚረዳ ጉድለት አይደለም።

ከጽሑፉ ጋር የወጣው ፎቶግራፍ የተተኮሱ ቀለሆች በፒንሳ ሲፈለቀቁ ያሳያል። ክሊፕ አብዛኛውን ጊዜ የሚጣመመው በዚሁ አሠራር ሲሆን፣ ለሥራው የተዘጋጀ ቱቦ መሰል መንቀያ ቀለሁ ላይ አጥልቆ አንድ በአንድ ማሽከርከር ይገባ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
ከአንባቢዎቻችሁ አንዱ