ክላስተር ይሻለናል ወይስ አንድ ሰርቨር?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ታነሱብናላችሁ። «ዳታቤዛችን ለምን አንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ይቀመጣል? ክላስተር አድርጉልን እንጂ!» ክላስተር ማለት አንድን ዳታቤዝ (የሽያጭና የዕቃ መዝገባችሁን) አብረው የሚይዙ፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሥራውን የሚቀጥል የሰርቨሮች ቡድን ነው። አንድ ደንበኛችንማ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብለው ተረቱብን። ስጋታቸው ገብቶናል። ሰልፍ ለቆመ ሰው «ሲስተም የለም» ማለት ያሳፍራል።

ችግሩ ክላስተር ላይ ሁለት ባላ አይበቃም። በሁለቱ ሰርቨሮች መካከል ያለው ኔትወርክ ቢቋረጥ አንዱ ሌላውን ሞቷል ብሎ ያስባል። ሁለቱም ለየብቻ ሽያጭ መመዝገብ ይጀምራሉ። ማታ ኔትወርኩ ሲመለስ ሁለት የማይገናኙ ሂሳቦች ቁጭ ብለው ይጠብቋችኋል። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ሰርቨር ያስፈልጋል፤ ሁለቱ የተገናኙት ሥራ ይቀጥላሉ፣ ለብቻው የቀረው መጻፍ ያቆማል። ሦስቱንም አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ላይ ከሰካችኋቸው ደግሞ አብረው ነው የሚጠፉት።

ትልልቆቹም ፈተናው ደርሶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 ጊትሃብ የተባለው የፕሮግራመሮች ኮድ ማስቀመጫ ድረ-ገጽ ባለሙያዎች የተበላሸ የኔትወርክ ዕቃ ሲቀይሩ በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ያለው ዋናው ዳታ ሴንተራቸው ለ43 ሰከንድ ተቆረጠ። አውቶማቲኩ ሥርዓት ወዲያው የማይኤስኪውኤል ዳታቤዞቹን መሪነት ወደ ምዕራብ ጠረፍ አዛወረው። ግንኙነቱ ሲመለስ ግን በሁለቱም በኩል ሌላው ጋ የሌለ መረጃ ተጽፎ ተገኘ። አገልግሎቱን ወደ ቦታው ለመመለስ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ፈጀ። ለ43 ሰከንድ! እነሱ ደግሞ ሌት ተቀን የሚከታተል ቡድን ያላቸው ናቸው።

ሌላም አለ። ክላስተር ባክአፕ (ለብቻው የተቀመጠ የመረጃ ቅጂ) አይደለም። ሠራተኛችሁ በስህተት የዕቃ ዝርዝሩን ቢያጠፋው ክላስተሩ ትእዛዙን ለሦስቱም ሰርቨሮች በታማኝነት ያደርሳል።

እውነቱን ለመናገር ክላስተር ብንሸጥላችሁ ለኛ ገቢ ነው። ግን አንድ ሱቅ ወይም ጥቂት ቅርንጫፍ ላላችሁ ፖስትግሬስ የተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም የተጫነበት አንድ ደህና ሰርቨር ይበቃችኋል። በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ሽያጭ ይችላል፤ እናንተ ጋ በሰከንድ አንድም አይመጣም። ሌላ ሕንፃ ውስጥ ተጠባባቂ ሰርቨር እናስቀምጥላችኋለን። ዋናው ከወደቀ ትደውሉልናላችሁ፣ ሰው አይቶ አረጋግጦ ተጠባባቂውን ያስነሳል። ባክአፕ በየቀኑ ከግቢያችሁ ውጭ ይወጣል። በየወሩ ደግሞ ከፍተን እንሞክረዋለን፤ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ አለ ማለት አይቻልም።

ሌት ተቀን ለምትሸጡና አሥር ደቂቃ መቆም ለማትችሉ ግን ክላስተሩን እኛው እንመክራለን። የሚከታተለው ባለሙያ ደመወዝም አብሮ ይታሰብ።

ውል ከማደሳችን በፊት አንድ ቁጥር ላኩልን፦ ሰርቨሩ ለአንድ ሰዓት ቢቆም ስንት ብር ታጣላችሁ? ከዚያ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቴክኒክ ክፍል