የፊዚክስ ክበብ፦ ከደጀን እስከ አባይ ድልድይ

"የፊዚክስ ክበብ ደግሞ ምን ይሠራል?" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ድራማ አናሳይም፣ ዋንጫም አናመጣም። ሥራ ፈተን ግን አልከረምንም።

መስከረም ላይ አባላት መዘገብን፣ ተጠሪ መረጥን፣ ዓርብ ዓርብ ተሰበሰብን፣ በሰልፍ ሰዓት ጥያቄና መልስ አቀረብን። ቁም ነገሩ የሚያዝያው ጉዞ ነው።

ሐሳቡን ያገኘነው ከፈረንሳዊው ሊቅ ከፓስካል ነው። በፈረንጆቹ 1648 የእህቱን ባል ፔርዬን የአየር ግፊት የሚለካበት የሜርኩሪ ቱቦ አስይዞ ፑይ ደ ዶም የተባለ ተራራ ላይ አስወጣው። ጫፉ ላይ ሜርኩሪው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ ተገኘ። ከታች የቀረው ሌላ ቱቦ ቀኑን ሙሉ ሲጠበቅ ንቅንቅ አላለም። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር እንደሚቀንስ በዚህ ታወቀ።

እነሱ ተራራ ካላቸው እኛ አባይ በረሃ አለን። ከማርቆስ በጠዋት ወጥተን ደጀን ላይ በከሰል ውሃ አፈላን። ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆመ። መጽሐፉ 100 ስለሚል "ተበላሽቷል" ያሉ ነበሩ። ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደን ድልድዩ አካባቢ በዚያው ማንቆርቆሪያ ስናፈላ 96 አለ። ከታች አየሩ አጥብቆ ስለሚጫነው ውሃው ለመፍላት የበለጠ መሞቅ አለበት።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ደጀን ላይ ጠጥታ ጨርሳ የከደነችው ሃይላንድ ከታች ስንደርስ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። "ሙቀቱ ነው" አሏት ወንዶቹ። "ሙቀትማ ቢሆን ይነፋው ነበር፤ ይኼ እኮ ተጨፍልቋል!" አለች። ክዳኑን ስትፈታው አየር ፍስስ ብሎ ገባ፣ ጎኑም ተመለሰ። ማንም ሳያዛት ባዶውን እዚያው መልሳ ከደነችና "ስንወጣ ካልተነፋ ተሸንፌያለሁ" አለቻቸው። ተመልሰን ደጀን ስንደርስ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር። ያስተማርኳት እኔ አይደለሁም። ተመራማሪ የሚባለውስ ከዚህ ሌላ ምን ያደርጋል? ይገምታል፣ ግምቱ ሊወድቅ የሚችልበትን ፈተና ራሱ ያበጃል።

ዳቦአችንን ዝንጀሮ ወሰደው። ቴርሞሜትሩም ስንመለስ ተሰበረ፤ ያለን እሱ ብቻ ነበር። የፔንዱለም ሙከራችን በሰዓት መቁጠሪያ እጦት ቆሟል። ቤተ ሙከራው የመጽሐፍ መጋዘን መሆኑን ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) የመኪናውን ስለከፈለልን እናመሰግናለን። ለከርሞ ያሰብነው ጮቄን ነው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ። ልጆቹ ውሃው እዚያ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ግምታቸውን ከወዲሁ ጽፈው አስቀምጠዋል። ለኳስ ቡድኑ ማሊያ ያልጠፋ ገንዘብ ለቴርሞሜትርም አይጠፋም ብለን እንጠብቃለን።