ፊዚክስ ላይ ልጆቻችን ስንት እንዳመጡ ሳይሆን ምን እንደገባቸው ለኩልን

ይድረስ ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ግልባጭ ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት

ጤና ይስጥልን። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ፣ የሚታረም ወረቀት ስላለብኝ ሰላምታውን አላበዛም።

አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ አለኝ፣ ጎበዝ የምንለው። ፎርስ (የሚገፋ ወይም የሚስብ ነገር)፣ ማስ (መጠነ ቁስ)፣ አክስለሬሽን (ፍጥነት የሚለዋወጥበት መጠን) ብለህ ሁለቱን ከሰጠኸው ሶስተኛውን ዩኒቱ ሳይቀር አውጥቶ ይሰጥሀል። ባለፈው ጠመኔ ወደላይ ወረወርኩና "እጄን ለቆ ወደላይ እየሄደ እያለ ምን ምን ፎርስ አለበት?" አልኩት። "ግራቪቲ ወደታች፣ ቲቸር እርስዎ የወረወሩበት ሀይል ደሞ ወደላይ" አለኝ ምንም ሳይጠራጠር። አናቱ ላይ ሲደርስስ? "እኩል ይሆኑና ይቆማል፣ ከዛ የርስዎ ያልቅና ይወድቃል።" ክፍሉን ዞሬ ስጠይቅ አልስማማም ያሉት ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው፣ አንዷ ደሞ ለምን ስላት ዝም አለች። የአየሩን ነገር ከተውነው ጠመኔው እጄን ከለቀቀ ጀምሮ ያለበት የመሬት ስበት ብቻ ነው፣ እጄ እዛው ቀርቷል። ይሄ ልጅ ግን ፈተና ላይ ከክፍሉ አንደኛ ነው፣ እኔም ራሴ ነኝ ያን ማርክ የሰጠሁት።

የ12ኛውን ውጤት ሁላችንም እናውቀዋለን። ከተፈተኑት ግማሽና ከዛ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። አገር ጮኸ፣ መጮኹም ልክ ነው፣ ግን እኔ ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ ያ ቁጥር ምኑን ልድገምላቸው የሚለውን አይነግረኝም። የወደቀው ሂሳቡ አቅቶት ነው፣ እንግሊዝኛው ነው፣ ወይስ ሀሳቡ ራሱ ተገልብጦ ገብቶት ነው?

ለዚህ የሚሆን መለኪያ ፈረንጆቹ ከሰሩ ቆዩ። በነሱ አቆጣጠር 1992 የወጣ ፎርስ ኮንሰፕት ኢንቬንቶሪ የሚባል አለ፣ ባሁኑ ቅርጹ 30 ምርጫ ጥያቄ ነው፣ አንድም ካልኩሌተር የሚያስነሳ የለውም። አንዱ ጥያቄ ትልቅ የጭነት መኪና ከትንሽ መኪና ጋር ሲጋጭ ማን ማንን በበለጠ ፎርስ ይገፋል የሚል ነው። እኔ አይሱዙና ባጃጅ አድርጌ ጠየቅኳቸው። የጣርማበርን ቁልቁለት ለሚያውቅ ልጅ መልሱ ይታወቃል፣ አይሱዙው ነዋ! እኩል ነው ስላቸው ሳቁብኝ። ባጃጇ የምትደቀው ፎርሱ በዝቶባት ሳይሆን ማሷ ትንሽ ስለሆነ ነው፣ ሁለት ነገሮች ሲገፋፉ አንዱ ሌላውን የሚገፋው እኩል ነው የሚለውን የኒውተንን ሶስተኛ ህግ ግን ሁሉም በቃላቸው ይሉልሀል።

ፈተናው ከትምህርቱ በፊትም በኋላም ይሰጣል። ክፍሉ መጀመሪያ 30 ከመቶ አምጥቶ በኋላ 44 ቢያመጣ፣ ሊያገኝ ይችል ከነበረው 70 ውስጥ 14 አገኘ፣ ማለት 0.20። ስለዚህ ደካማ ክፍል የደረሰው መምህር ከጎበዝ ክፍል መምህር ጋር ባልሆነ ሚዛን አይመዘንም። በ1998 (የነሱ) ሄክ የሚባል ሰው አሜሪካ ውስጥ የ62 ኮርስ፣ ከ6,000 በላይ ተማሪ ውጤት ሰብስቦ ሲያየው በአብዛኛው ሌክቸር በሚሰጥባቸው አማካዩ 0.23፣ ተማሪው እየተከራከረና እየሞከረ በሚማርባቸው 0.48 ሆኖ ተገኘ። እኔም እንደ ብዙዎቻችን ሰሌዳ ሞልቼ የምወጣ ሰው ነበርኩና ይሄን ሳነብ ትንሽ አፈርኩ።

የምለምናችሁ እንዲህ ያለ መለኪያ ለ9ኛና ለ11ኛ ክፍል አዘጋጁልን ነው፣ ግን ተርጉማችሁ ብቻ እንዳትልኩት። ልጆቻችን ከ9ኛ ጀምሮ ፊዚክስ በእንግሊዝኛ ነው የሚማሩት፣ የሚያስቡት ደሞ ባማርኛ። ሀይል ስትለው አንዱ ፎርስ፣ አንዱ ኢነርጂ፣ አንዱ ፓወር ብሎ ይሰማሀል፣ መብራት ሀይልም ሀይል ነው። ያ ልጅ "የወረወሩበት ሀይል" ሲለኝ ኢነርጂ ማለቱ ቢሆን ኖሮ እኮ ብዙም አልተሳሳተም፣ ጠመኔው ኢነርጂ ይዞ ነው የወጣው። ምን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ሁለት ጥያቄ መጨመር ነበረብኝ። ጉልበት ብትለውም ያው ነው። ስለዚህ ጥያቄዎቹ መጀመሪያ ከልጆች ጋር ቁጭ ተብሎ በቃል እየተጠየቁ፣ ከራሳቸው አፍ የወጣው ስህተት የምርጫው ሀ፣ ለ፣ ሐ ሆኖ ይግባ። ጊዜ ይወስዳል፣ ይውሰድ።

ሌላው፣ ውጤቱ ለመምህር መቅጫ አይሁን። እኔ በራሴ ያወጣኋትን አስር ጥያቄ ውጤት ስብሰባ ላይ ሳቀርብ አንድ ሀላፊ "ታዲያ አመቱን ሙሉ ምን ስታስተምር ነበር?" አለኝ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዛ በኋላ ማን የክፍሉን ጉድ አውጥቶ ያሳያል? ልጆቹም ማርክ እንደሌለው ካላወቁ ይኮራረጃሉ።

ጥያቄ ከጠፋም እኛ ጋ ሞልቷል። ደብረብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያንሳል፣ ውሀም መቶ ሳይደርስ 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እሳቱን ብትጨምርበት ባቄላው ቶሎ ይበስላል ወይ ብላችሁ ጠይቁልኝ፣ ሸዋሮቢት ወርዶ ሲቀቀልስ? የኔዎቹ አብዛኞቹ "ደብረብርሃን ብርድ ስለሆነ ነው የሚዘገየው" ይሉኛል፣ መጽሀፋቸው ላይ ደሞ ውሀ መቶ ላይ ይፈላል የሚለውን አስምረውበታል።

አንድ የፊዚክስ መምህር፣ ከሰሜን ሸዋ