ሬሳው ሲዘል ተርጓሚው ዝም ይበል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደሴና በኮምቦልቻ ቪዲዮ ቤቶችም ሆነ ፍላሽ በሚጭኑ ሱቆች የሆንግ ኮንግ የኩንግ ፉ ቀልዶች ጠፍተው አያውቁም። ሰው በአየር ላይ ሲሮጥ፣ ሬሳ እየዘለለ ሰው ሲያባርር፣ ቤት አከራይዋ በጩኸቷ ግድግዳ ስታፈርስ የሚያሳዩት ማለታችን ነው። ብዙ ሰው «የልጆች ጨዋታ» ብሎ ያልፋቸዋል። እኛ ግን ያስናቃቸው እዚህ የሚተረጎሙበትና የሚታዩበት መንገድ ነው ብለን እናምናለን። ስለዚህ በአማርኛ ለሚተርኩት፣ ለሚጭኑትና ለሚያሳዩት ወገኖች ጥቂት ነገር በጋዜጣችሁ በኩል ልናደርስ ወደድን።

እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን «ሚስተር ቫምፓየር» እንውሰድ። ዳይሬክተሩ ሪኪ ላው፣ ፕሮዲውሰሩ ሳሞ ሁንግ፣ ሬሳዎቹን የሚቆጣጠረውን የታኦ እምነት ካህን ሆኖ የሚጫወተው ላም ቺንግ ዪንግ ነው። በዚህ ፊልም ሬሳው ሰውን የሚያገኘው ሰውየው በሚተነፍሰው ትንፋሽ ነው። ስለዚህ ሬሳው ሲመጣ ሰዎቹ አፍና አፍንጫቸውን ይዘው ድርቅ ይላሉ፤ እሱ ፊታቸው ድረስ ቀርቦ ያነፈንፋል፤ ተመልካቹም ማን ቀድሞ ይተነፍስ ይሆን እያለ አብሮ ይጨነቃል። ሳቁ የሚመጣው ከዚያ ጭንቀት ነው። ተርጓሚዎቻችን ግን እዚሁ ቦታ ላይ «አሁን ትንፋሹን ይዟል፣ ሬሳው እየቀረበው ነው፣ ወይኔ ጉዱ!» እያሉ ይቀጥላሉ። ጸጥታው ሲሞላ ቀልዱ አብሮ ይሞታል። ሕጉን አንድ ጊዜ፣ ስለ ሬሳው በሚነገርበት ቦታ ላይ በግልጽ መናገር ይበቃል። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ትንፋሻቸውን በያዙ ቁጥር ማይኩ ይዘጋ። ተመልካቹ በዓይኑ የሚያየውን ማንም እንዲነግረው አይፈልግም።

በዚያው ፊልም የሩዙ ነገር አለ። ሬሳው የጎዳው ሰው መርዙ እንዲወጣለት የሚጣበቀው የሩዝ ዓይነት ያስፈልገዋል፤ ነጋዴው ግን ተራ ሩዝ ቀላቅሎ ይሸጣል፤ መድኃኒቱም እንደሚገባው አይሠራም። ተርጓሚው ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለቱንም «ሩዝ» ብሎ ካለፈ፣ ኋላ ላይ በሽተኛው ለምን እንዳልዳነ የሚገባው ሰው አይኖርም። አንዱን «የሚጣበቅ ሩዝ»፣ ሌላውን «ተራ ሩዝ» ብሎ እስከ መጨረሻው መያዝ ነው። እህል ቀላቅሎ መሸጥ ምን እንደሆነ ደግሞ ለሰኞ ገበያ ሸማች ማስረዳት አያሻም፤ ሁለቱን ለይቶ ከሰማ ሳቁ በራሱ ይመጣል።

የእ.ኤ.አ. 2004ቱ የስቴፈን ቾው «ኩንግ ፉ ሃስል» ላይም ተመሳሳይ ጥፋት ይሠራል። ዋናው ባለታሪክ በልጅነቱ ከአንድ ለማኝ የሚገዛት መጽሐፍ «ቡድሃ መዳፍ» የሚባለውን የድብድብ ስልት የምታስተምር ናት፤ ፊልሙ የሚቋጨውም በዚሁ መዳፍ ነው። ይህ ስም እ.ኤ.አ. በ1964 በካንቶንኛ (በሆንግ ኮንግ ቋንቋ) ከተሠሩት የ«ቡድሃ መዳፍ» ፊልሞች የመጣ ሲሆን፣ በእነዚያ ፊልሞች ከእጅ የሚወጣው ጨረር ፊልሙ ላይ በእጅ የተሳለ ነበር። ተርጓሚው መጀመሪያ «አስማት»፣ መጨረሻ ላይ «ቦክስ» ካለ ታሪኩ ለሁለት ተቆረጠ ማለት ነው። ቤት አከራዮቹን የሚጫወቱት ዩን ዋና ዩን ቺዩ ደግሞ እነ ጃኪ ቻንና ሳሞ ሁንግ በተማሩበት በመምህር ዩ ጂም ዩን የቻይና ባህላዊ ኦፔራ ትምህርት ቤት ያደጉ ናቸው። በዚያ ኦፔራ እንቅስቃሴ የሚዘጋው በከበሮና በጎንግ (በሚመታ የናስ ሳህን) ምት ነው። የዚህ ዘር ፊልሞች ቀልድም እንደዚሁ ነው፦ ዓይን ይገላበጣል፣ አንገት ዞር ይላል፣ ምቱ ይወድቃል። የተርጓሚው ድምፅ ምቱን ከሸፈነው ሰውየው በከንቱ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል።

ይህን ለማስተካከል ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ውስጥ ያለው «ኦቶ ዳክ» የሚባል መሣሪያ ተራኪው ሲናገር ብቻ የፊልሙን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። ሳይነካ ሲከፈት 12 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። ችግሩ ድምፁ ወርዶ የሚመለስበት ግማሽ ሰከንድ ነው፤ ለቀልድ ይረዝማል፤ ንግግሩ እንዳለቀ የምትመታው ጎንግ ሳትሰማ ታልፋለች። ወደ 0.1 ወይም 0.2 ሰከንድ ዝቅ ቢደረግ ምቱ ይተርፋል። አንዳንዶች ግን የፊልሙን ድምፅ ጨርሰው አጥፍተው የራሳቸውን ሙዚቃ ይጭኑበታል። ይህ ፊልሙን መግደል ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ፋይሉ ከአንድ በላይ ድምፅ ካለው በፊልም ማጫወቻው ቪኤልሲ «ኦዲዮ ትራክ» ውስጥ ገብቶ ካንቶንኛውን መምረጥ ይሻላል። የተዋናዮቹ አፍና ድምፅ ባይገጥም ቅጂው ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሆንግ ኮንግ ፊልሞች በአብዛኛው ያለ ድምፅ ተቀርጸው ድምፁ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ይገባ ስለነበር ካንቶንኛውም ቢሆን ፈቀቅ ይላል።

አሁን ደግሞ ወደ ማሳያው። የድብድቡን ፍጥነት የሚሰጠው ካሜራው ነው። መደበኛው በሰከንድ 24 ምስል ሲሆን፣ ድብድብ በ22 ወይም ከዚያ ባነሰ ተቀርጾ በ24 ይታያል፤ ስለዚህ ይፈጥናል፣ ትንሽም ይቆራረጣል። ያ መቆራረጥ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ግን በምስሎቹ መሐል የራሳቸውን ምስል እየፈጠሩ ያለሰልሱታል። ሳምሰንግ «አውቶ ሞሽን ፕላስ» (በአዳዲሶቹ «ፒክቸር ክላሪቲ»)፣ ኤልጂ «ትሩሞሽን»፣ ሶኒ «ሞሽንፍሎው» ይሉታል። ይጥፋ። «ቪቪድ» የሚለውንም ወደ «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» መልሱት። ተዋናዮቹን የሚያንጠለጥለው ቀጭን የብረት ሽቦ የሚደበቀው በጨለማ፣ በጭስና ከጀርባ ጋር በሚመሳሰል ቀለም ነው፤ ብርሃኑና «ሻርፕነሱ» ሲጨመር ሽቦው ፍንትው ብሎ ይታያል። (ወላጆችም ለልጆቻቸው ያን ሽቦ ቢያሳዩአቸው መልካም ነው፤ ከግድግዳ የሚዘለው ሰው ከልብሱ ሥር በመታጠቂያ ታስሮ በሰው ጉልበት የሚጎተት መሆኑን ይወቁ።)

«ዙም» ሌላው ነቀርሳ ነው። የ4:3 ቅጂ ሰፊውን ስክሪን እንዲሞላ ዙም ሲደረግ ከላይና ከታች በድምሩ ሩቡ ይቆረጣል፤ በ«ሚስተር ቫምፓየር» ሬሳውን የሚያቆመው ግንባሩ ላይ የተለጠፈው ቢጫ ወረቀት ስለሆነ፣ ወረቀቱ ከስክሪን ውጭ ከሆነ ሬሳው ለምን እንደቆመ፣ ወረቀቱ ሲነሳም ለምን እንደተንቀሳቀሰ አይታወቅም። እንደ «ኩንግ ፉ ሃስል» ያለ በጣም ሰፊ ፊልም ዙም ሲደረግ ደግሞ ከግራና ከቀኝ በድምሩ ሩብ ያህሉ ይሄዳል፤ መቺው ይታያል፣ ተመቺው የለም። ጥቁሩ ጠርዝ እንዳለ ይተው።

በመጨረሻ ፍላሽ ለሚጭኑት፦ በሰከንድ 24 ምስል ባለው ቅጂ ላይ የተቀዳ ትርጉም 25 ምስል ባለው ቅጂ ላይ ከተጫነ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተራኪው ከፊልሙ ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይዘገያል። ስለዚህ መጀመሪያውን ብቻ አይታችሁ አትሽጡ፤ መሐሉንና የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች ከፍታችሁ ቃሉ ከአፍ ጋር መሄዱን አረጋግጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊልም ወዳጆች፣ ደሴ