እማዬ፣ ለሚሚ ኮሶ እንዳትሰጫት

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ስለ እኔ አታስቢ። ትናንት የላክሁት ገንዘብ ለአባባ ዓይን ምርመራና ለኪኒን ነው። ኮሶ ጠጥተው ዓይናቸው ብዥ ማለቱን ከጎረቤት ሰማሁ። ለምን ደበቃችሁኝ? የማታ ተረኛ ስለሆንሁ ነው ስልክ ያላነሳሁት፤ ረስቻችሁ አይደለም።

ነገ ዛሬ ሳትዪ ዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው፣ ኮሶ መጠጣታቸውንም ንገሪው። ኮሶ ሲበዛ ያስመልሳል፣ አቅም ያሳጣል፣ የዓይንን ነርቭ ይጎዳል፤ ሰው የገደለበትም ጊዜ አለ። ልኩን በእፍኝ ማወቅ አይቻልም። የሴቴው ዛፍ ቀይ አበባ ከወንዴው ይበረታል፤ አዲስ የደረቀው ኃይለኛ ነው፣ የከረመው ይደክማል። ስለዚህ አምና ምንም ያላደረጋቸው ያው እፍኝ ዘንድሮ ሊጥላቸው ይችላል።

አያቶቻችን በየሁለት ወሩ የሚጠጡት በከንቱ አልነበረም። የኮሶ ትሉ ተቆርጦ ሲወጣ ጭንቅላቱ አንጀት ላይ ተጣብቆ ከቀረ፣ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ እንደገና አድጎ ቁርጥራጩ ይታያል። ኪኒኑ ግን ጭንቅላቱንም ይገድላል። ሰገራቸው ተመርምሮ የኮሶ ትል ከተገኘ ሐኪሙ ኒክሎሳማይድ የሚባለውን ኪኒን ሊያዝላቸው ይችላል፤ ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊግራም 4 ፍሬ፣ ቀለል ካለ ቁርስ በኋላ በደንብ አኝኮ በውሃ መዋጥ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ። የዚያን ቀን ጠላም አረቄም አይቅመሱ። ሌላው የትል ኪኒን ፕራዚኳንቴል ከሆነ ልኩ በኪሎ ስለሚሰላ ይመዘኑ።

እማዬ፣ «ትሉ ሲወጣ አላየሁም፣ ኪኒኑ አልሠራም» እንደምትዪ አውቃለሁ። የሞተው ትል አንጀት ውስጥ ስለሚፈጭ ሙሉውን ላታዪው ትችያለሽ። ሦስት ወር ጠብቂ፤ ቁርጥራጭ ካልታየ ድነዋል።

አሁን ወደ ሚሚ። ሠርጓ ላይ አልነበርሁም፤ ቬሎዋን በስልክ እያየሁ አለቀስሁ፣ የድግሱ ወጥ እዚህ ድረስ የሸተተኝ መሰለኝ። እርጉዝ መሆኗን ስሰማ ደግሞ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ታዲያ ያንን የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ኮሶ ልታስለቅሚላት ነው አሉ። እባክሽ፣ በማርያም! ኮሶ ፅንስ ያስወርዳል። ሌሎቹ የባህል የትል መድኃኒቶች፣ እንቆቆውም መተሬውም ይቅርባት። የከብት ሥጋ የኮሶ ትል ለጥቂት ወራት ቢቆይ እሷንም ልጁንም የሚያሰጋ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እስክትወልድ ይታገሡታል። የእርግዝና ክትትል የምታደርግበት ጤና ጣቢያ ትንገራቸው፣ እነሱ ይወስኑ።

ጥሬ ሥጋውን ለጊዜው ተዉት። ክትፎ ካማራቸው እስከ ውስጡ ይብሰል፤ ለብ ለብ አይበቃም። ባለቤቷ እንደሚቆጣ ይገባኛል፣ ግን እሱም ቢመረመር ጥሩ ነው። ያንቺንስ ደም ግፊት መቼ ነው የተለካሽው? ዝም አትበዪኝ።

ገንዘቡን የባንኩ ሰልፍ ቀለል ባለ ቀን አውጪው። ሐኪሙ ስለ አባባ ዓይን ያለውን ሁሉ ሚሚ ጽፋ ትላክልኝ።

ልጅሽ